ከገጠር የመጡ የጌይ ፊልሞች፦ ለጎጃም ተመልካች የመረጥኳቸው

ስለ ጌይ ሰዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር ደብረ ማርቆስ ላይ ሳትነገር የማትቀር አንዲት አባባል አለች። «ይሄ የከተማ ነገር ነው፤ የፈረንጅ ነው፤ ገጠር እንዲህ ያለ ነገር የለም።» ቡና ላይ ትነገራለች፣ ባጃጅ ውስጥ ትነገራለች፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥም ትነገራለች። የሚናገራት ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም። የሚያውቀውን ነው የሚናገረው። የሚያውቀው ደግሞ በስልኩ የደረሰውን ነው።

በስልኩ የደረሰው ምን እንደሆነ እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቲክቶክ ላይ ጌይ ናቸው የተባሉ ሰዎችን ፎቶና ስም የሚበትኑ፣ ይገረፉ ይገደሉ የሚሉ ቪዲዮዎች በዙ። ነሐሴ ላይ የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ያሏቸውን ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች መፈተሽ መጀመራቸውን ተናገሩ። በዚያው ሰሞን እኛ ጋ ጦርነት ገባ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ጠፋ። በሌላ ነገር ተያዝን። ያ አጭር ቪዲዮ ግን አእምሯችን ውስጥ እንዳለ ቀረ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ጉዳዩን የሚያስበው በእሱ ነው።

እኔ ፊልም እወዳለሁ። ፊልም አንድን ሰው ሁለት ሰዓት ያህል አጠገባችሁ ያስቀምጠዋል። ሲሠራ ታዩታላችሁ፣ ሲበላ፣ ከአባቱ ጋር ሲጣላ፣ ሲፈራ። ስለዚህ ስለ ጌይ ሰዎች የተሠሩ ጥሩ ፊልሞችን ልጠቁም ብዬ ተነሳሁ። ስመርጥ አንድ መስፈርት ያዝኩ። የምሽት ክበብ፣ የፋሽንና የትልቅ ከተማ ፊልሞችን ወደ ጎን አደረግኳቸው። የወሰድኩት በግ የሚጠበቅባቸውን፣ ልብስ በእጅ የሚሰፋባቸውን፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት ትንሽ ቦታ የሚካሄዱትን ነው። በዚህ ዓይን ስፈልግ ደስ ያለኝ ነገር አለ። በዚህ ርዕስ ከተሠሩት ምርጥ ፊልሞች ብዙዎቹ እዚያ ናቸው፤ ገጠር ውስጥ፣ ጭቃ ውስጥ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ፊልሞቹ ከመግባቴ በፊት ሕጉን ላንሳ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት መፈጸምን በእስራት ይቀጣል። አንቀጹ ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ፊልም አይናገርም። ቢሆንም ስልካችሁን ማን እንደሚያገላብጠው የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የአልጋ ትዕይንት ያለበትን ፊልም በፍላሽ እየጫኑ ማደል ደግሞ ሌላ የሕግ ጥያቄ ያስነሳል። የሃይማኖት አባቶች ምን እንደሚያስተምሩም ሁላችንም እናውቃለን። ፊልም ማየት እምነትን መተው አይደለም። ከዚህ በታች ካሉት ፊልሞች ውስጥ አንዳንዶቹ ላይ የሚሰግዱና የሚጸልዩ ሰዎች አሉ፤ እምነታቸውን ሳይጥሉ ነው የሚወድዱት።

መጀመሪያ የማነሳው «ጋድስ ኦውን ካንትሪ» የተባለውን የ2017 የእንግሊዝ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ሊ ዮርክሻየር ውስጥ በእርሻ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ፊልሙንም የሠራው ባደገበት አገር ነው። ጆኒ የሚባል ወጣት አለ። አባቱን ስትሮክ መትቶታል። አያቱ አርጅታለች። ከብቱም፣ በጉም፣ አጥሩም በእሱ ጫንቃ ላይ ነው። እኩዮቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እሱ ቀርቷል። ቀን ይሠራል፣ ማታ እስኪወድቅ ይጠጣል። ከወንድ ጋር ሲተኛም በድብቅ ነው፣ ሳያወራ፣ ሳያቅፍ።

በጎቹ የሚወልዱበት ጊዜ ሲደርስ ጌዮርጌ የሚባል ሮማኒያዊ ሠራተኛ ይቀጠራል። ጆኒ መጀመሪያ ይሰድበዋል። ከዚያ ሁለቱ ራቅ ያለ ተራራ ላይ ከበጎቹ ጋር ማደር ይጀምራሉ። እዚያ አንድ ነገር ይሆናል። ጌዮርጌ የሞተ ግልገል ቆዳ ይገፍና ለሌላ ደካማ ግልገል ያለብሰዋል። ከዚያ ልጇ ለሞተባት በግ ያስጠጋላታል። እሷም የራሷ መስሏት ታጠባዋለች። ይህን ያየ የጎጃም ገበሬ አስረጂ አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተት እንዳትከለክል ቆዳውን ገለባ ሞልተው ፊቷ ያቆሙላታል። ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ወተቷን ትለቃለች።

ጆኒ ይህን ቆሞ ያያል። እስከዚያ ድረስ ሥራ ለእሱ መጎተት፣ መግፋት፣ መስደብ ነበር። ያ እንግዳ ሰው ግን ሊሞት ለተቃረበ ግልገል ጊዜና ትዕግሥት ይሰጣል። ፍቅሩ የበቀለው እንዲህ ካለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ ተዋናዮች ጆሽ ኦኮነርና አሌክ ሰካሪያኑ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት እርሻ ላይ ሠርተዋል፤ በጎቹን የሚያዋልዱትም ራሳቸው ናቸው። እጃቸውን ብቻ በማየት ይታወቃል።

የዚያ ቤት ትልቁ ጭንቀት እርሻው ነው። ማን ይረከበዋል? ይህ ጥያቄ ጎጃም ውስጥ በየቤቱ አለ። መሬቱ ጠብቧል፣ ልጆች ወደ ከተማ ሄደዋል፣ ያለው አንድ ወንድ ልጅ ጎጆ ካልወጣ ወሬው ይጀምራል። ጆኒ ግን እርሻውን ጥሎ ለንደን መሄድ አያምረውም። እዚያው መኖር ነው የሚፈልገው፤ ከበጎቹ ጋር፣ ከሚወደው ሰው ጋር፣ ታማሚ አባቱን እያጠበ። ለእኔ የፊልሙ ትልቅ ነገር ይህ ነው። አገሩን፣ ከብቱን፣ አባቱን የሚወድ ጌይ ሰው ታያላችሁ። ገላጣ የሆኑ ትዕይንቶች ስላሉበት ግን ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ የሚታይ ፊልም አይደለም።

«ብሮክባክ ማውንቴን» (2005) የበለጠ የታወቀ ነው። ሁለት ድሃ ወጣቶች፣ ኤኒስና ጃክ፣ በ1963 አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ ተራራ ላይ በግ ሊጠብቁ ይቀጠራሉ። ጮቄ ላይ በልጅነቱ ገሳ ለብሶ በግ የጠበቀ ሰው ያንን ብርድ፣ ያንን ጭጋግ፣ ሰው የማይታይበትን ረጅም ቀን ያውቀዋል። ዳይሬክተሩ አንግ ሊ ታይዋን የተወለደ ነው፤ በዚህ ፊልም የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ወስዷል። ፊልሙ የተሠራበትን አጭር ልብ ወለድ የጻፈችው አኒ ፕሩ ናት። ታሪኩ የታተመው በ1997 ነው። በዓመቱ ኦክቶበር ላይ እዚያው ዋዮሚንግ ውስጥ ማቲው ሼፐርድ የሚባል የ21 ዓመት ጌይ ተማሪ ተደብድቦ፣ አጥር ላይ ታስሮ ተገኘ። ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ልብ ወለዱ የፈራው በእውን ሆነ።

ኤኒስ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ልጅ እያለ አባቱ የአንድ የተገደለ ገበሬ ሬሳ ወስዶ አሳይቶታል። ሰውየው ከሌላ ወንድ ጋር አብሮ ይኖር ነበር። አባትየው ልጁን ለማስተማር ያደረገው ነው። ኤኒስ ዕድሜ ልኩን ያንን ሬሳ ከፊቱ እያየ ይኖራል። ያገባል፣ ይወልዳል፣ በዓመት ጥቂት ቀን «ዓሣ ላጠምድ» እያለ ከጃክ ጋር ይገናኛል።

ሚስቱ አልማ አንድ ጊዜ ማጥመጃው ክር ጫፍ ላይ ወረቀት ታስራለች። ዓሣ ይዘህ ና የምትል አጭር መልእክት ናት። ባሏ ሲመለስ ወረቀቷ ሳትነካ እንደታሰረች ናት። አልማ ይህን ይዛ ለዓመታት ዝም ትላለች። ጃክንና ኤኒስን እያየሁ አዝኛለሁ፤ ለአልማ ግን ይበልጥ አዘንኩ።

እኛ ጋ ሴት የማያይ ልጅ ሲኖር ቤተሰቡ መፍትሔው ምንድን ነው የሚለው? አጋቡት። ሽማግሌ ይላካል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ሠርግ ይደገሳል። ሙሽራዋ ግን የምትገባበትን አታውቅም። ስለ ጌይ ሰዎች ስንከራከር እሷን የሚያነሳት የለም። ባሏ ለምን እንደማይቀርባት ሳይገባት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለች ትኖራለች። «ሰው ምን ይላል» ተብሎ የተደበቀው ነገር ዋጋው የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን እሱ፣ አንዱን እሷ።

«ዘ ብሉ ካፍታን» የተባለውን የ2022 የሞሮኮ ፊልም ከሁሉም የማስበልጠው ለዚህ ነው። የሠራችው ማርያም ቱዛኒ ናት። ሀሊም ሳሌ በምትባል ከተማ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ካፍታን በእጁ የሚሰፋ ባለሙያ ነው። ካፍታን ሴቶች ለሠርግና ለበዓል የሚለብሱት ረጅም ቀሚስ ነው። ሀሊም ማሽን አይነካም። አንድ ልብስ ወራት ይፈጅበታል። ደንበኞች ይቸኩላሉ፣ ይነጫነጫሉ። ሚስቱ ሚና ሱቁን የምትመራው እሷ ናት። አስቸጋሪ ደንበኛን አደብ ታስገዛለች፣ ባሏን ትከላከላለች። ሀሊም ወንዶችን እንደሚወድ ታውቃለች። አይነጋገሩበትም። ይዋደዳሉ፤ ይህ ማስመሰል አይደለም።

ሚና ካንሰር ይዟታል። በዚህ ጊዜ ዩሱፍ የሚባል ወጣት ሙያውን ሊማር ሱቁ ይገባል። ሀሊም ሲያስተምረው የሁለቱ ጣት ሐሩ ላይ ይገናኛል፤ ካሜራው እዚያ ላይ ይቆያል። ሚና መጀመሪያ ትቀናለች። ልጁን ባላጠፋው ጥፋት ትወነጅለዋለች። ከዚያ ሕመሙ ይበረታል፣ ሦስቱ አንድ ቤት ውስጥ መዋል ይጀምራሉ። ማን ለማን ሾርባ እንደሚያቀርብ፣ ማን ማንን እንደሚደግፍ እያያችሁ ቤተሰብ ሲሆኑ ታያላችሁ። መጨረሻ ላይ ሀሊም የሚያደርገውን አልናገርም። አልቅሳችሁ ትነሳላችሁ።

ሥጋዊው ነገር በዚህ ፊልም ከበር ጀርባ ነው የሚቀረው። ሞሮኮ በወንጀል ሕጓ አንቀጽ 489 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ትቀጣለች። ሆኖም ይህንኑ ፊልም አገሪቱ ራሷ ለኦስካር ላከችው፤ ለዕጩነት ከተለዩት 15 ፊልሞች ዝርዝርም ውስጥ ገባ። ሕጉ አልተቀየረም። ግን አንዲት ሙስሊም አገር ስለ ራሷ ሰዎች የተሠራን ታሪክ የእኔ ነው ብላ አቀረበች።

ሀሊም ባለ እጅ መሆኑም ለእኛ ትርጉም አለው። ጎጃም ውስጥ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ ለብዙ ዘመን ተገፍተዋል። ልጅ ሲታመም፣ ከብት ሲሞት ጣት የሚቀሰረው ወደ እነሱ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ኩታውን ለብሰን፣ በማረሻው አርሰን፣ ሠሪውን ግን ከማዕዳችን አርቀነው ኖረናል። ሰው ሁሉ የሚፈራውን አንድ ጎረቤት መርጦ በእሱ ላይ መጫን ለእኛ አዲስ ታሪክ አይደለም።

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያለ ሰው ደግሞ «አሊጋር»ን ቢያይልኝ ደስ ይለኛል። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ታሪክ ነውና። የሂንዲ ፊልም ነው፤ ሀንሳል መህታ ነው ያዘጋጀው፤ ሕንድ ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባው በ2016 መጀመሪያ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ራምቻንድራ ሲራስ አሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማራቲ ቋንቋ ፕሮፌሰርና ገጣሚ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ተቃርበው ነበር። በፌብሩዋሪ 2010 ካሜራ የያዙ ሰዎች ቤታቸውን ጥሰው ገቡ። ከአንድ የሪክሾ ነጂ ጋር ቀረጿቸው። ዩኒቨርሲቲው ከሥራ አገዳቸው፣ ቤቱንም ልቀቁ አላቸው። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በኤፕሪል የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለእሳቸው ፈረደ። ከቀናት በኋላ በተከራዩት ቤት ውስጥ ሞተው ተገኙ።

ፕሮፌሰሩን ሆኖ የሚተውነው ማኖጅ ባጅፓዪ ነው። ገና ከመነሻው አካባቢ አንድ ትዕይንት አለ። ሰውየው ማታ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ብርጭቆ ይዘው፣ የላታ ማንጌሽካርን የድሮ ዘፈን ይሰማሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ያንጎራጉራሉ። ሌላ ምንም የለም። ግን ደቂቃዎች ይወስዳል። ብቸኝነትን እንዲህ የሚያሳይ ትዕይንት ብዙ አላየሁም። በሂንዲ ፊልም ያደገ የእኛ ሰው፣ ቋንቋውን ሳያውቅ ከዘፈኑ ጋር ያለቀሰ ሁሉ፣ ይህን ትዕይንት በቀላሉ ይረዳዋል።

ጠበቆች እሳቸው ፊት ስለ እሳቸው ሲከራከሩ ፕሮፌሰሩ ግጥማቸውን እየተረጎሙ ይቀመጣሉ። በየቤቱ እየዞሩ የሚያከራያቸው ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። በር የሰበሩት ሰዎች ጥፋት ትንሽ ተደረገ፣ በሩ የተሰበረበት ሰው ጥፋት ትልቅ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ነገሩ በሕግም ወንጀል አልነበረም። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2009 ክልከላውን አንስቶት ነበር። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለሰው፣ በሴፕቴምበር 2018 ደግሞ ራሱ ሻረው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቲክቶክ ላይ ያየነውን ሁሉ ይህ ፊልም በዓመታት ቀድሞ አሳይቶናል። ግድግዳው ስስ የሆነ የኪራይ ክፍል፣ የሚጠረጥር ጎረቤት፣ ስልክ የያዘ ጎረምሳ። ሌላ ነገር አይጠይቅም።

ወደ አፍሪካ ልመለስ። «ዘ ዉንድ» የ2017 የደቡብ አፍሪካ ፊልም ነው፤ ጆን ትሬንጎቭ ነው የሠራው፤ የሚነገረውም በኮሳ ቋንቋ ነው። ዞላኒ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። በየዓመቱ ወደ ተራራ ይወጣል፤ የተገረዙ ጎረምሶችን ሊያስታምም፣ ወንድነትን ሊያስተምር። እውነተኛ ምክንያቱ ግን እዚያ የሚያገኘው፣ ሚስት ያለው የልጅነት ጓደኛው ነው። ፊልሙ ጨካኝ ነው፣ መጨረሻውም ከባድ ነው፤ ለብቻችሁ ባታዩት ይሻላል። ደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥቷ በፆታ ዝንባሌ ምክንያት ማግለልን ይከለክላል፤ ከ2006 ጀምሮ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻም ተፈቅዷል። ቢሆንም በ2018 ተቃውሞ ተነሳና ፊልሙ ከወሲብ ፊልም እኩል ተመድቦ ከሲኒማ ቤት ወጣ። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት ነው የመለሰው። ሕግ ስለፈቀደ ሰፈር ተቀበለ ማለት እንዳልሆነ እዚህ ይታያል። ቋንቋውም፣ ወጉም፣ ተራራውም የራሳቸው ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከውጭ ያመጣው ፈረንጅ የለም።

«ራፊኪ» (2018) የኬንያ ነው፤ የወጣቶችና የቀለም ፊልም፣ ናይሮቢ ሰፈር ውስጥ። የሠራችው ዋኑሪ ካሂዩ ናት። ኬናና ዚኪ የሚባሉ ሁለት ልጃገረዶች ይዋደዳሉ። አባቶቻቸው በአካባቢ ምርጫ የሚፎካከሩ ባላንጣዎች ናቸው። ለጎጃም አንባቢ ይህ ቅርብ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ የፊታውራሪ ልጅ ሰብለና የድሃው ልጅ በዛብህ ወግ ስለከለከላቸው ስንት ሰው አልቅሷል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም እንዲሁ። ያን ጊዜ ያዘንነው ለልጆቹ ነበር። ወጉን ደግፈን ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የቆምን አንባቢዎች አልነበርንም። በሥርዓቱ ላይ ጥያቄ ያነሳውን ሰው አገሩ «ጉዱ ካሣ» ብሎት እኛ ግን ወደድነው።

የኬንያ ፊልም ቦርድ «ራፊኪ»ን ከለከለ። ካሂዩ እንደተናገረችው ቦርዱ መጨረሻውን እንድትቀይር ጠይቋት ነበር፤ ልጆቹ ተጸጽተው እንዲታዩ። እምቢ አለች። ፊልሙ ላይ የሚያስነውር የአልጋ ነገር የለም። የተፈራው መጨረሻው ላይ ያለው ተስፋ ነው። ይህ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል። የሚሞት ጌይ፣ የሚያብድ ጌይ፣ የሚጸጸት ጌይ በብዙ አገር ሲኒማ ችግር የለበትም። የሚኖረው ግን ያስፈራል። በሴፕቴምበር 2018 ፍርድ ቤት እገዳውን ለ7 ቀን ብቻ አነሳ። ናይሮቢ ላይ ሰው ተሰልፎ ገባ፣ ወንበር ሞላ። በ7 ቀኑ ማብቂያ እገዳው ተመለሰ።

ሌላው የኬንያ ፊልም «አይ አም ሳሙኤል» ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ፒተር ሙሪሚ ነው የሠራው። ሳሙኤል የገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ሰባኪ ነው። ናይሮቢ ሄዶ አሌክስ የሚባል ሰው ይወዳል፤ ወላጆቹ ደግሞ ሚስት እንዲያመጣ ይጠብቃሉ። ካሜራው ለዓመታት ተከትሏቸዋል። ይህም በ2021 ታግዷል። እናትና አባቱን ስታዩ የምታውቋቸው ሰዎች ይመስሏችኋል።

ሁለት ፊልሞችን ከመስፈርቴ ውጭም ቢሆን ሳልጠቅስ አላልፍም። «ሙንላይት» (2016) ማያሚ ውስጥ በድህነት የሚያድግ ጥቁር ልጅ ታሪክ ነው፤ የምርጥ ፊልም ኦስካር አሸንፏል። «ፍሊ» (2021) ከአፍጋኒስታን ተሰዶ በሩሲያ አድርጎ ዴንማርክ የደረሰ ጌይ ሰው በሥዕል የተነገረ እውነተኛ ታሪክ ነው። ደላላ፣ መርከብ፣ የተሰወረ ስም። ልጁ ወይም ወንድሙ በስደት መንገድ ላይ ያለ ሰው ያንን ፊልም ሲያይ ብዙ ነገር ይመጣበታል።

ችግሩ ቋንቋ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው አላጋጠመኝም። የቱርኩንም የሕንዱንም ፊልም በአማርኛ የሚተርኩልን ጎበዝ ተርጓሚዎች አሉን፤ ይህን ርዕስ ግን ማንም አይደፍርም። የተዘጋጀ ነገር ስለሌለ የሚያየው እንግሊዝኛ የቻለ ሰው ብቻ ነው። «ዘ ብሉ ካፍታን»ን የምታይ የገጠር እናት የለችም። ሚናን ከማንም በላይ የምትረዳት ግን እሷ ናት። ትርጉም ጽሑፍ መሥራት የሚችሉ የቋንቋ ተማሪዎች ይህን ቢያስቡበት እመኛለሁ።

ከየትኛው ልጀምር ለሚል መልሴ «ፕራይድ» (2014) ነው። ከሁሉም ቀላሉ፣ ሳቅ ያለበት፣ ጓደኛ ጋብዞ የሚታየው እሱ ነው። እውነተኛ ታሪክ ነው። ከማርች 1984 እስከ ማርች 1985 የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ደሞዝ የለም፣ ቤተሰብ ተራበ። ለንደን ያሉ ጥቂት ጌይና ሌዝቢያን ወጣቶች በባልዲ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመሩ። ዌልስ ውስጥ ዱላይስ ሸለቆ ለሚባል የገጠር አካባቢም ላኩ። ገንዘቡን ማን እንደላከ ሲታወቅ መንደሩ ተጨነቀ። አንዳንዱ አንቀበልም አለ። የመንደሩ ሴቶች ግን ሰዎቹን ጋበዟቸው። መጥተው በመንደሩ አዳራሽ አብረው ጠጡ፣ ጨፈሩ፣ በየቤቱ አደሩ።

ጎጃም ላይ በችግር ቀን የደረሰ ሰው ውለታው አይረሳም። ዌልሶቹም አልረሱም። አድማው ተሸንፎ ካበቃ በኋላ በጁን 1985 ለንደን ላይ የጌይ ሰልፍ ሲደረግ ማዕድን ሠራተኞቹ ባነራቸውን ይዘው በአውቶብስ መጡ፤ ሰልፉንም ከፊት ሆነው መሩት። በዚያው ዓመት የሌበር ፓርቲ ጉባኤ ላይ የጌይና ሌዝቢያን መብትን የሚደግፍ ውሳኔ ለድምፅ ቀረበ። የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሙሉ ድምፁን ሰጠ፣ ውሳኔውም አለፈ።